የተቆረጠ ዓረፍተ ነገር፦ በመካከለኛው ዘመን ፓሪስ ፈላስፋ እንዴት ይከሰስ ነበር?

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1277 የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒዬ 219 ዓረፍተ ነገሮችን አወገዘ። (ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዝርዝሩ ውስጥ የአንድም ፈላስፋ ስም የለም። ዓረፍተ ነገሮቹ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተወሰዱ አይገልጽም፤ ቅደም ተከተላቸውም ዝብርቅርቅ ያለ ነው። አንዱ አንቀጽ ዓለም ዘላለማዊ ናት ይላል፤ ሌላው የዓለም ጠቢባን ፈላስፎች ብቻ ናቸው ይላል፤ አንዱ ደግሞ የነገረ መለኮት መምህራን ንግግር በተረት ላይ የቆመ ነው ይላል። ቅጣቱ የሚመለከተው ያስተማረውን ብቻ አልነበረም። ተቀምጦ የሰማ ተማሪም በሰባት ቀን ውስጥ ጳጳሱ ወይም የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ዘንድ ቀርቦ ካላስታወቀ ተወግዟል።

የዚያን ዘመን ሳንሱር አሠራር ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ዝርዝር የተሻለ መነሻ የለም ባይ ነኝ። መጽሐፍ ሙሉውን አንብቦ የሚፈርድ ሳንሱር አልነበረም። ከመጽሐፉ ወይም ከትምህርቱ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ አውጥቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለብቻው አቁሞ የሚፈርድ ሳንሱር ነበር። የ13ኛውና የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፎች አጻጻፍ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ድርቅ ያለ፣ በ«እንዲህ ቢባል» እና በ«እንደ ፈላስፋው (ማለትም እንደ አሪስቶትል) አነጋገር» የታጨቀ የሚመስለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። መቀሱን እያዩ ነበር የሚጽፉት።

መጀመሪያ የተሞከረው መጽሐፍ መከልከል ነበር፤ አልሠራም። በ1210 በሳንስ ሊቀ ጳጳስ ሥር ያሉ ጳጳሳት ፓሪስ ላይ ተሰብስበው የአሪስቶትል የተፈጥሮ ፍልስፍና መጻሕፍትና ማብራሪያዎቻቸው በግልጽም ሆነ በምስጢር እንዳይነበቡ ከለከሉ። የፈላስፋው የዲናኑ ዳዊት ጥራዞች እስከ ገና ድረስ ለፓሪስ ጳጳስ ቀርበው እንዲቃጠሉ አዘዙ። በ1215 የፖፑ ልዑክ ሮበር ደ ኩርሶን ለዩኒቨርሲቲው ባወጣው ደንብ ሎጂኩን ፈቅዶ ሜታፊዚክሱንና የተፈጥሮ መጻሕፍቱን አገደ። በ1229 አዲስ የተከፈተው የቱሉዝ ዩኒቨርሲቲ «ፓሪስ የተከለከሉትን መጻሕፍት እኛ ዘንድ መስማት ይቻላል» ብሎ ለተማሪዎች ማስታወቂያ በተነ። በ1231 ፖፕ ግሪጎሪዮስ 9ኛ መጻሕፍቱ ተመርምረው ከስህተት እስኪጠሩ ድረስ እንዲቆዩ ብሎ ሦስት ሊቃውንትን መደበ፤ የማጥራቱ ሥራ ግን ፍጻሜ አላገኘም። በ1255 የፓሪስ የአርት ፋኩልቲ፣ ማለትም ከነገረ መለኮት በፊት ሎጂክና ፍልስፍና የሚሰጥበት ክፍል፣ በጊዜው የታወቁትን የአሪስቶትል መጻሕፍት በሙሉ ለዲግሪ የግድ የሚነበቡ አደረጋቸው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የታገደ መጽሐፍ ሥርዓተ ትምህርት ሆኖ አረፈው።

ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት የመጽሐፍ አባዛዙ ነው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራዩ ነጋዴዎች ነበሩ። የተስተካከለውን ቅጂ ሳይጠርዙ በየክፍሉ ለያይተው ያስቀምጡታል፤ አንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ አራት ቅጠል፣ ማለትም ስምንት ገጽ ነው። ተማሪው ወይም ቀጥሮ የሚያጽፈው ጸሐፊ አንዱን ክፍል በተወሰነለት ዋጋ ተከራይቶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ ቀጣዩን ይወስዳል። በዚህ መንገድ አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በብዙ እጅ ይገለበጣል። አንድ ክፍል ቢወረስ ሌላው ከተማ ውስጥ ይዞራል። ነጋዴዎቹ ለዩኒቨርሲቲው ይምሉ ነበር፤ መሐላው ግን ዋና ትኩረቱ ዋጋና የቅጂው ትክክለኛነት ላይ ነበር።

ስለዚህ ሳንሱሩ ከመጽሐፍ ወደ ዓረፍተ ነገር ወረደ። አካሄዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ይጠቁማል። ጠቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ባልንጀራ መምህር ወይም የሌላ ማኅበር መነኩሴ ነው፤ ተራው ምእመን እነዚህን ክርክሮች የሚሰማበት ዕድል አልነበረውም። ከዚያ አጠራጣሪ የተባሉት ዓረፍተ ነገሮች ተለቅመው በዝርዝር ይጻፋሉ። ቀጥሎ የነገረ መለኮት መምህራን ኮሚሽን ተሰይሞ እያንዳንዱን አንቀጽ «ቃሉ እንደሚሰማው» ይመዝነዋል። ይህች ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የፍርዱ ሁሉ ማዕከል ናት። ተናጋሪው ምን ለማለት እንደፈለገ አይጠየቅም፤ ለብቻው የቆመው ዓረፍተ ነገር ለሰሚ ምን ይመስላል ነው ጥያቄው። ውጤቱም አንድ ዓይነት አይደለም፦ ኑፋቄ፣ ስህተት፣ ድፍረት፣ ለጆሮ የሚከብድ፣ በኑፋቄ የሚያስጠረጥር፤ እያለ በደረጃ ይወርዳል።

ተከሳሹ ዝርዝሩ ሲደርሰው አራት መውጫ ነበረው። አልተናገርኩም ማለት፤ ተናግሬያለሁ ግን በሌላ ትርጉም ነው ማለት፤ ተናግሬያለሁ እውነትም ነው ብሎ መሟገት፤ ወይም ለክርክር ልምምድ ያህል አነሳሁት እንጂ አላጸናሁትም ማለት። አራተኛው ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አያድንም። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ፈላስፋ ኒኮላ ዶትረኩር ያን ጊዜ የፖፑ መቀመጫ በነበረችው በአቪኞን ሲመረመር ይህንን መልስ ሰጥቶ ዳኞቹ «የቀበሮ ማመካኛ» ብለውታል።

አደጋው ከሁሉ በላይ የሚከፋው ጽሑፉ ከመምህሩ እጅ ሳይሆን ከተማሪ ማስታወሻ ሲለቀም ነው። አብዛኛው ትምህርት በቃል የሚሰጥ ነበር። ተማሪው እየሰማ ይጽፋል፤ መምህሩ ሲመቸው አርሞ የራሱ ቅጂ አድርጎ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይመቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያልታረመው ማስታወሻ እየተገለበጠ አገር ያዳርሳል። ፈጣን ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጥለው ደግሞ ማለዘቢያዎቹን ነው፦ «በዚህ ረገድ»፣ «ተፈጥሮን ብቻ ካየን»፣ «እንደ አሪስቶትል ሐሳብ» የሚሉትን።

አንድ ማለዘቢያ ምን ያህል እንደሚመዝን ከ1277ቱ ዝርዝር 90ኛውን አንቀጽ ማየት ይበቃል። የዳኪያው ቦኤቲየስ፣ ማለትም ከዴንማርክ የመጣው የአርት መምህር፣ ስለ ዓለም ዘላለማዊነት አንድ አጭር ድርሳን ጽፏል። ነጥቡ ረቂቅ ነው። እያንዳንዱ ሳይንስ ከራሱ መነሻዎች ተነስቶ ብቻ ነው መደምደም የሚችለው። የተፈጥሮ ፈላስፋ መነሻው እንቅስቃሴ ሁሉ ከቀደመ እንቅስቃሴ ይመጣል የሚል ነው። ከዚህ መነሻ ተነስቶ «የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ነበረ» ሊል አይችልም፤ ሊያሳየው የሚችልበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ «ከተፈጥሮ ምክንያቶች አንጻር ዓለም አዲስ አይደለችም» ማለቱ ትክክል ነው። ሐሳቡ ያለ ምንም ገደብ ከተወሰደ ግን ሐሰት ነው፤ ቦኤቲየስ ይህንን በግልጽ ጽፎታል። አማኙ ዓለም ተፈጥራለች ሲል እውነት ይናገራል፤ የተፈጥሮ ፈላስፋውም በገደቡ ውስጥ እውነት ይናገራል። አንዱ ሶቅራጥስ ነጭ ነው ሲል ሌላው በአንዳንድ ረገድ ነጭ አይደለም ቢል ሁለቱም እውነት እንደሚናገሩ ማለት ነው።

አሁን የተወገዘውን አንቀጽ ተመልከቱ። የተፈጥሮ ፈላስፋ በተፈጥሮ ምክንያቶች ስለሚመረኮዝ የዓለምን አዲስነት «ያለ ገደብ» መካድ አለበት ይላል። ቦኤቲየስ ያልኩት በገደብ ነው ያለውን ዝርዝሩ ያለ ገደብ አደረገው። አንድ ተውሳከ ግሥ ገብቶ ሐሳቡ ተገለበጠ። ታምፒዬ በመግቢያው ላይ እነዚህ ሰዎች «በፍልስፍና እውነት፣ በሃይማኖት ሐሰት» የሆኑ ነገሮች አሉ ይላሉ፣ ሁለት ተቃራኒ እውነቶች ያሉ ይመስል፣ ብሎ ከሷቸዋል። «ድርብ እውነት» የሚባለው ዝነኛ ትምህርት የመጣው ከዚህ ክስ ነው። ከቦኤቲየስም ሆነ እንደ እሱ የአርት መምህር ከነበረው ከብራባንቱ ሲጄር ጽሑፍ ውስጥ ግን ሁለት ተቃራኒ ነገሮች እኩል እውነት ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጎ የሚያገኝ የለም። አንቀጹን የቆረጡት ሰዎች ሆን ብለው ነው ያጣመሙት ወይስ ተቻኩለው? መቻኮሉ አሳማኝ ነው። ፖፕ ዮሐንስ 21ኛ ለታምፒዬ የጻፈበት ቀን ጃንዋሪ 18 ነው፤ ዝርዝሩ የወጣው ማርች 7። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው 16 የነገረ መለኮት መምህራን ይህን ሁሉ ለቅመው የጨረሱት። ደብዳቤው ደግሞ የጠየቀው አጣርቶ ማሳወቅን ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሥር የሚኖር ፈላስፋ ምን ያደርጋል? የአርት ፋኩልቲው ራሱ በ1272 ደንብ አውጥቶ ነበር። የአርት መምህር ንጹሕ የነገረ መለኮት ጥያቄ ላይ ብይን አይሰጥም። እምነትን የሚነካ ጥያቄ ላይ ከእምነት ተቃራኒ ከበየነ ከተጠየቀ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በአደባባይ ካልመለሰ ከማኅበሩ ለዘለቄታው ይወጣል። አስቸጋሪ ምንባብ ካጋጠመው ወይ የተቃራኒውን ማስረጃ ያፈርሳል፣ ወይ ሐሰት ነው ይላል፣ ወይም እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ያልፈዋል። ሦስተኛዋ መውጫ ትገርመኛለች። ዝምታ በደንብ ተፈቅዷል፤ የአንድ ማብራሪያ ጸሐፊ ታዋቂ የሆነን አስቸጋሪ ቦታ ዘሎ ሲያልፍ ስንፍና ነው ከማለታችን በፊት ይህን ደንብ ማስታወስ ይበጃል።

ከዚህ ደንብ የወጣው መሐላ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚሠራ የፓሪሱ የአርት መምህር ዣን ቡሪዳን ያሳየናል። የአሪስቶትልን ፊዚክስ ሲያብራራ ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ጋ ይደርሳል። አንዳንድ የነገረ መለኮት ጌቶቼና መምህሮቼ በፊዚክስ መሀል ነገረ መለኮት ትቀላቅላለህ ብለው ወቅሰውኛል ይላል። መልሱ በትሕትና የታሸገ ነው፤ ውስጡ ግን ስለት አለው። ባልገደድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን የአርት መምህር ሁሉ ሲሾም እምነትን የሚነካ ጥያቄ ከገጠመው ለእምነት ሊበይንና ተቃራኒውን ማስረጃ ሊፈታ ይምላል፤ የባዶ ቦታ ጥያቄ ደግሞ እምነትን ይነካል፤ ካልበየንኩ በሐሰት የማልኩ ልሆን ነው። ሊገድበው የወጣውን መሐላ መግቢያ በር አደረገው። ተቃራኒውን ማስረጃ ለመፍታት በመጀመሪያ በሙሉ ጉልበቱ ማቅረብ ያስፈልጋል፤ የሚማረው ተማሪም ሁለቱንም ይዞ ይወጣል።

ማን ተናገረው የሚለውም ከቃሉ እኩል ይመዝን ነበር። ታላቁ አልበርት ስለ ተፈጥሮ እየተናገርኩ ሳለ የእግዚአብሔር ተአምራት ጉዳዬ አይደሉም የሚል ሐሳብ ጽፏል። አልበርት የዶሚኒካን መነኮሳት ማኅበር አባል ነው፣ የነገረ መለኮት መምህር ነው፣ ጳጳስም ሆኖ አገልግሏል። ማንም አልነካውም። የብራባንቱ ሲጄር ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከሞላ ጎደል እንዳለ ወስዶ ስለ ነፍስ በጻፈው ድርሳን ውስጥ አስገባው። ሲጄር የአርት መምህር ነው፤ ከኋላው የሚቆምለት የመነኮሳት ማኅበር የለውም። በኖቬምበር 1276 የፈረንሳዩ የኑፋቄ መርማሪ ሲሞን ዱ ቫል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለምርመራ ጠራው፤ እሱ ግን በዚያን ጊዜ አገሩን ለቅቆ ነበር። ከ1284 መጨረሻ በፊት ኦርቪዬቶ ውስጥ አእምሮው በታወከ ጸሐፊው እጅ ተገደለ። ዳንቴ በኋላ ገነት ውስጥ፣ ያውም ከታላቁ የዶሚኒካን የነገረ መለኮት ሊቅ ከቶማስ አኳይናስ አጠገብ፣ አስቀመጠው።

ሰዎች የሚሳሳቱት አብዛኛውን ጊዜ በእሳት መቃጠልን ከሐሳቡ ድፍረት ጋር ሲያያይዙት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ሕግ መሳሳት ብቻውን ኑፋቄ አይደለም፤ ስህተቱን ካወቁት በኋላ ሙጭጭ ማለት ነው ኑፋቄ የሚያደርገው። ጀርመናዊው የዶሚኒካን ሰባኪና የነገረ መለኮት መምህር ማይስተር ኤክሃርት በ1326 ኮሎኝ ላይ የተሟገተው በዚህ ነው፦ ልሳሳት እችላለሁ፣ መናፍቅ ግን ልሆን አልችልም፤ መሳሳት የአእምሮ ነው፣ ኑፋቄ ግን የፈቃድ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲቀርብለት «ከተሳሳትኩ እመለሳለሁ» የሚል መምህር ቢበዛ መጽሐፉን ያጣል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ አቤላር በ1121 ሷሶን ላይ ሳይሟገት የሥላሴ መጽሐፉን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ እንዲጥል ተገደደ፤ ቀጥሎም በቃሉ የሚያውቀውን የሃይማኖት መግለጫ እንደ ሕፃን ከጽሑፍ እንዲያነብ ሰጡት። የጎዳው ከእሳቱ ይልቅ ይህ ውርደት ይመስላል፣ ራሱ እንደጻፈው። ኒኮላ ዶትረኩር በኖቬምበር 1347 ፓሪስ ላይ ትምህርቱን ክዶ ጽሑፎቹን አቃጠለ፣ የመምህርነት ማዕረጉንም ተነጠቀ፤ በ1350 ግን የሜስ ካቴድራል ዲን ሆኖ እናገኘዋለን። የነገረ መለኮት ሊቁ የሮማው ጊልስ በ1277 51 አንቀጽ ተለቅሞበት አልመለስም ብሎ ከፓሪስ ወጣ፤ በ1285 በፖፑ ድጋፍ ተመልሶ መምህር ሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የቡርዥ ሊቀ ጳጳስ።

ከዚህ አጠገብ ማርገሪት ፖሬትን አስቀምጡ። መጽሐፏ በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው፤ ማዕረግ የላትም፤ ሴት ናት። የካምብሬው ጳጳስ መጽሐፏን ቫሎንሲየን ላይ አቃጥሎ ዳግመኛ እንዳታሰራጨው አስጠነቀቃት፤ ማሰራጨቷን አላቆመችም። ተይዛ ፓሪስ ስትቀርብ መሐላ አልገባም፣ መልስም አልሰጥም አለች፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እስር ቤት ውስጥ ዝም አለች። በኤፕሪል 1310 21 የነገረ መለኮት መምህራን ከመጽሐፏ የተቆረጡ አንቀጾች ቀርበውላቸው ፈረዱ። ጁን 1 ቀን ፕላስ ደ ግሬቭ ላይ በእሳት ተቃጠለች። መጽሐፉ ግን ስሟ ጠፍቶበት በገዳማት ለክፍለ ዘመናት ሲነበብ ኖረ፤ የእሷ መሆኑ የታወቀው በ1946 ነው። ኤክሃርትም ላይ ነገሩን ያከበደው በጀርመንኛ ለተራው ሕዝብ መስበኩ ነበር፤ የ1329ኙ የውግዘት ደብዳቤ ይህንኑ ያነሳል። ከ28ቱ አንቀጾቹ 17ቱ ኑፋቄ ተባሉ። የቀሩት 11ዱ ለጆሮ የከፉ፣ ነገር ግን ብዙ ማብራሪያ ቢጨመርባቸው ቀና ትርጉም ሊይዙ የሚችሉ ተባሉ። እሱ ይህን ሳይሰማ ሞቷል።

እነዚህን ጽሑፎች ራሳችሁ ለማንበብ ካሰባችሁ ጥቂት ልማዶች ይጠቅማሉ። መጀመሪያ በእጃችሁ ያለው መምህሩ ያረመው ነው ወይስ የተማሪ ማስታወሻ፣ የአርታኢውን መግቢያ አይታችሁ ለዩ። ከዚያ ጸሐፊው የትኛው ፋኩልቲ ውስጥ እንደነበርና የጻፈው ከ1277 በፊት ይሁን በኋላ አጣሩ። ሦስተኛ፣ የማስረጃዎቹን መጠን መዝኑ። ተቃራኒው ማስረጃ በስድስት ረድፍ ተሰድሮ መልሱ «እምነት ግን እንዲህ ይላል» በሚል አንድ መስመር ካለቀ ደራሲው ያንን ማስረጃ ማፍረስ አልቻለም ማለት ነው። አላመነም ማለት ግን አይደለም። ከመስመር በስተጀርባ ሁሉ የተሰወረ ወርቅ አለ ብለው የሚያነቡ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚስቱት። አብዛኞቹ መምህራን ከልባቸው ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ማስረጃ በማይደርስበት ቦታ እምነትን መያዝ ለእነሱ ጭምብል አልነበረም። በመጨረሻ አንቀጹን ከተቆረጠበት ገጽ ጋር አስተያዩ፣ ከላይ በቦኤቲየስ እንዳየነው።

ውግዘቱ ዘመናዊ ሳይንስን ወለደ የሚል አስተያየትም አለ። 34ኛው አንቀጽ እግዚአብሔር ብዙ ዓለማትን ሊፈጥር አይችልም የሚለውን፣ 49ኛው ሰማይን በቀጥታ መስመር ሊያንቀሳቅስ አይችልም የሚለውን ስላወገዙ ሊቃውንቱ ከአሪስቶትል ውጭ ማሰብ ተገደዱ ይባላል። ቡሪዳንና ባልደረቦቹ በእነዚህ ጥያቄዎች በርግጥ ተጫውተዋል። ከዚያ እስከ ጋሊሌዮ ያለውን መንገድ በአንድ ጳጳስ ዝርዝር ላይ መስቀል ግን ለእኔ ማጋነን ነው።

ዝርዝሩ ራሱ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ተማሪዎች እየገለበጡ ይይዙት ስለነበር የተከለከሉት ሐሳቦች በጣም በታመቀ መልክ የሚገኙት በእሱ ውስጥ ሆነ። አንዳንዶቹ አንቀጾች ቶማስ አኳይናስንም የሚነኩ ነበሩ። ተቀናቃኞቹ የፍራንቸስካን መነኮሳት ከቶማስ ጽሑፎች 117 ነጥቦች ለቅመው ማረሚያ አዘጋጁ፤ በ1282 ደግሞ ማረሚያው ሳይኖር ዋናው ሥራው እንዳይገለበጥ ወሰኑ። ዶሚኒካኖቹ በበኩላቸው «የአበላሺው ማረሚያ» የሚል ስም ሰጥተው መልስ ጻፉ። ቶማስ በ1323 ቅዱስ ተባለ። ቅዱስን የሚነካ ውግዘት ይዞ መቀጠል ስለማይመች በ1325 የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ቡሬ ውግዘቱን ቶማስን በሚነካበት መጠን ብቻ አነሳው፤ አንቀጾቹን አላጸደቀም፣ አልነቀፈምም፣ ለሊቃውንት ክርክር ተዋቸው። ሲጄርንና ቦኤቲየስን የሚነኩት አንቀጾች ግን እንደተወገዙ ቀሩ።